የዞማ ፀጉር አያያዝና አሠራር በጎጃም ውሃና አየር

ዞማ ፀጉር፣ ማለትም ሞገድ እየሠራ የሚወርድ ፀጉር፣ ያላት ሴት ወደ ፀጉር ቤት ስትገባ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይጠብቃታል፤ ወይ ፀጉሯ በፒያስትራ ተተኩሶ ሉጫ ይሆናል፣ ወይ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ከደረቀ በኋላ ከራሷ ጋር የማይገናኝ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ቤት ስትቀር ደግሞ እናት ወይም አያት ለከርዳዳ ፀጉር የለመዱትን ቅቤ በብዛት ይቀቧታል፤ ፀጉሩ ይከብድና ራሷ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣም ሆነ በእንጅባራ ለሚኖር ሰው፣ ዞማ ፀጉር በቤት ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚደርቅና እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር ይህ ነው፦ ዞማ ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው እርጥብ ሳለ ስለሆነ፣ የእጅ ሥራው በሙሉ ውሃው ሳይለቀው መጠናቀቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ አይነካም።

ምክንያቱን ማወቅ ቀሪውን ሥራ ያቀላል። ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ክሮች እርስ በርስ ከተያያዙባቸው ትስስሮች አንዱ በድኝ የተገነባው ጠንካራው ትስስር ሲሆን፣ ይህን የሚፈታው በፀጉር ቤት የሚቀባው ማለስለሻ ኬሚካል ነው። ሌላው ደካማው የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ ውሃ በነካው ቁጥር ይፈታል፣ ውሃው ሲተን ደግሞ እንደገና ይታሰራል። ስለዚህ ፀጉሩ በሚደርቅበት ሰዓት የነበረበት ሁኔታ እስከሚቀጥለው እርጥበት ድረስ መልኩ ሆኖ ይቆያል። በፎጣ እየተፈተገ የደረቀ ፀጉር ተንጨባሮ ይቀራል፣ በማበጠሪያ እየተሳበ የደረቀም ሞገዱ ይጠፋበታል።

የራስን ፀጉር መለየት

አሜሪካዊው የፀጉር ባለሙያ አንድሬ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው አከፋፈል ፀጉርን በ4 ይመድባል፤ 1 ሉጫ፣ 2 ዞማ፣ 3 ጥቅል፣ 4 ከርዳዳ ነው። ዞማው ራሱ በሦስት ይለያል፤ ሞገዱ የማይጎላ ስስ፣ መካከለኛ፣ እና ከሥሩ ጀምሮ ጠንከር ብሎ የሚጠማዘዝ። ይህን ለማወቅ ፀጉርዎን በሻምፖ ብቻ ይታጠቡ፣ ምንም ሳይቀቡና ሳያበጥሩ እንዲሁ እንዲደርቅ ይተዉት፣ ከዚያ መስታወት ፊት ቆመው ሞገዱ ከየት እንደሚጀምር ይመልከቱ። ከጆሮ በታች ብቻ የሚጀምር ከሆነ ፀጉሩ በቀላሉ በክብደት የሚረታ ነው፤ ከሥሩ የሚጀምር ከሆነ ትንሽ ጠንከር ያለ ቅባትና ጄል ይችላል። አንድ ሰው ራስ ላይ ከፊት ስስ፣ ከማጅራት ጠንካራ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ አይገረሙ።

ከዚያም አንዲት ዘለላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይያዙ። መኖሯ እጅዎ ላይ ካልተሰማዎት ፀጉርዎ ቀጭን ነው፣ እንደ ክር ከተሰማዎት ወፍራም ነው። ከዚህ በታች በሚነገሩት መጠኖች ሁሉ ቀጭን ፀጉር ያለው ሰው ግማሹን ብቻ ይውሰድ።

ውሃውን መፈተሽ

በጎጃም ከተሞች ለቤት የሚደርሰው ውሃ በብዛት ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ በመሬት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሊይዝ ይችላል፤ እነዚህ ማዕድናት ከሳሙና ጋር ሲገናኙ በፀጉር ላይ የሚቀር ግራጫ ዝቃጭ ይፈጥራሉ፣ ፀጉሩም ታጥቦ ሳለ ያልታጠበ ይመስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ግማሽ ድረስ ውሃ በተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምረው ክዳኑን ዘግተው በኃይል ይነቅንቁት። አረፋው ከላይ ወፍሮ ውሃው ከታች ጥርት ካለ ችግር የለም። አረፋው ቶሎ ጠፍቶ ውሃው ከደፈረሰ ግን ውሃዎ ጠንካራ ነውና በድብልብል ሳሙና መታጠብ ይቅርብዎ፣ በሻምፖ ይታጠቡ። ድብልብል ሳሙና በጠንካራ ውሃ ባይሆንም ለዚህ ፀጉር አይመከርም፤ የራስ ቆዳ የፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መጠን 5.5 ገደማ ሲሆን የሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ስለሚደርስ፣ የፀጉሩን የላይኛ ቅርፊት ይከፍትና ያሻክረዋል።

ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይህን ሁሉ ያስቀራል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ቆርቆሮውን ካጠቡት በኋላ የሚወርደው ውሃ ማዕድን የሌለበት ስለሆነ በትንሽ ሻምፖ ብዙ አረፋ ያወጣል። በበጋ ጠንካራ ውሃ ለመጠቀም የተገደደ ሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከሻምፖ በኋላ ቢያፈስበትና መልሶ ቢለቀልቀው ዝቃጩ ይለቃል። አንዳንዶች በአቼቶ ፈንታ ሎሚ ይጨምቃሉ፤ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያቃጥልና ጥቁር ምልክት የሚተው ስለሆነ ባይነካ ይመረጣል።

ከአጠባ በፊት

የቅቤ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ለጋ ቅቤ ለፀጉር መጥፎ ነው የሚል ሰው ጎጃም ውስጥ ሰሚ አያገኝም፣ ደግሞም ትክክል አይደለም፤ ቅቤ ፀጉሩን ሸፍኖ በአጠባ ጊዜ ውሃ ከመጠን በላይ እንዳይጠጣና እንዳይሰባበር ይረዳል። ዞማ ፀጉር ላይ የሚያስቸግረው ብዛቱና የሚቆይበት ጊዜ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልነካው ለጋ ቅቤ በመዳፍ አሙቀው ከፀጉሩ ወገብ ጀምሮ እስከ ጫፉ ብቻ ይቀቡ፣ በፌስታል ወይም በሻሽ ሸፍነው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ካቆዩት በኋላ ይታጠቡት። ሥሩን አይቀቡ። ከሥሩ የሚመነጨው የራስ ቅባት ብቻውን ይበቃል፤ በተለይ ፎረፎር ያለበት ሰው ፈጽሞ ሊጠነቀቅ ይገባል፣ ምክንያቱም ፎረፎርን የሚያባብሰው ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው።

የቅቤውን ሽታ የማይወድ ሰው የኑግ ዘይት ይጠቀም። ኑግ በጎጃም በሰፊው የሚመረት ስለሆነ ዘይቱ ሩቅ አይደለም፣ ከቅቤ ይልቅ ቀላል ነው፣ ብርድ ባለበት አገርም አይረጋም። የጉሎ ዘይት ግን እጅግ ወፍራም በመሆኑ ለዞማ ፀጉር አልመክረውም።

አጠባውና ማፍታታቱ

ለአብዛኛው ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃል፤ የባሕር ዳር ሙቀት የሚያልበው ወይም ፀጉሩ ቶሎ የሚወዛ ሰው ሁለት ጊዜ ያድርገው። ሻምፖውን በትንሽ ውሃ ያቅጥኑት፣ በጣቶችዎ ሥጋ የራስ ቆዳዎን ብቻ ይሹት እንጂ በጥፍር አይፈቅፍቁት። ርዝመቱን ማሸት አያስፈልግም፤ አረፋው ወደ ታች ሲወርድ ራሱ ያጥበዋል። ቅቤ የተቀባ ከሆነ ሻምፖውን ይድገሙት። የሚለቀለቁበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን፤ የፈላ ውሃ ቅባቱን ሙልጭ አድርጎ ስለሚወስድ ጫፉ ይደርቃል።

ቀጥሎ ኮንዲሽነር ከጆሮ በታች ያለውን ክፍል በደንብ ይቀቡና ማፍታታት ይጀምሩ። ፀጉርዎ የሚበጠርበት ብቸኛ ሰዓት ይህ ነው። ጥርሱ ሰፊ የሆነ ሚዶ ይያዙና ከጫፉ ጀምረው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይውጡ፤ ቋጠሮ ሲያጋጥምዎ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሌላው እጅ ጨብጠው ይያዙ፣ መሳቡ ሥሩን እንዳይነቅለው። በሚዶው ላይ የሚቀረው ፀጉር ብዛት አያስደንግጥዎ። ማንኛውም ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ስለሚረግፍበትና ዞማ ፀጉር በየቀኑ ስለማይበጠር፣ የሳምንቱ ርጋፊ በአንድ ቀን ተሰብስቦ ይወጣል። ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካዩ ወይም የራስ ቆዳው ከቆሰለ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ኮንዲሽነሩን ሲለቀልቁ ሙሉ በሙሉ አያስለቅቁት፤ ፀጉሩ በእጅ ሲዳሰስ ትንሽ የሚያሙለጨልጭ ሆኖ ይቅር።

የተልባ ጄል

በሱቅ የሚሸጠው ጄል ውድ ከመሆኑም በላይ አልኮል የበዛበት ዓይነቱ ፀጉሩን ያደርቃል። ተልባ ደግሞ በየቤቱ አለ። 3 የሾርባ ማንኪያ ያልተቆላና ያልተፈጨ ተልባ በደንብ ይልቀሙና ድንጋዩንና ገለባውን ያውጡለት፣ በ2 የሻይ ብርጭቆ ውሃ ብረት ድስት ውስጥ ይጣዱት፣ ከታች እንዳይዝ በእንጨት ማንኪያ እያማሰሉ ያፍሉት። በመጀመሪያ ውሃው ቢጫ ይመስላል፣ ቀጥሎ ነጭ ስስ አረፋ ከዳር ይነሣል፣ ከዚያም ፍሬዎቹ ከድስቱ ሥር ተነሥተው በመሐል መንሳፈፍ ይጀምራሉ። ማንኪያውን አንሥተው ሲያንጠባጥቡት ጠብታው ቶሎ ሳይበጠስ እንደ እንቁላል ነጭ እየተንጠለጠለ ከወረደ ደርሷልና ወዲያው ያውርዱት። ባሕር ዳር ላይ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ከመጠን በላይ ከፈላ ይወፍርና ከፍሬው አልለይም ይላል፤ በትንሽ የፈላ ውሃ አላልተው ያድኑታል።

ማጥለያው ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ጄሉ ሲቀዘቅዝ ስለሚረጋ ትኩስ ሳለ መጠለል አለበት፤ ወንፊት ቀዳዳው ይደፈንበታል፣ ንጹሕ የሴት ስቶኪንግ ግን በቀላሉ ያሳልፈዋል። ስቶኪንጉን ብርጭቆ አፍ ላይ አጥልቀው ተልባውን ከገለበጡበት በኋላ፣ ለእጅ በሚያስችል መጠን ሲበርድ አንጠልጥለው ከላይ ወደ ታች እያለቡ ይጭመቁት። ጄሉ በፍሪጅ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ከሁለት ቀን በላይ አያስቀምጡት፤ ከኮመጠጠ ወይም ሽታው ከተለወጠ ይደፋ። አብሽም ተመሳሳይ ልግ ያወጣል፣ ሽታው ግን ፀጉር ላይ ሰንብቶ ሰው ሁሉ ወጥ ቤት የዋሉ ይመስለዋል። እሬት የሚጠቀም ሰው ቅጠሉን ከቆረጠ በኋላ አቁሞት ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይጠብቅ፣ ቆዳ የሚያሳክከው እሱ ነውና፤ የሚፈለገው ከውስጥ ያለው ጥርት ያለው ክፍል ብቻ ነው።

ቅርጽ ማስያዝ

ፀጉሩ ገና ውሃ እያንጠባጠበ ሳለ ወገብዎን አጎንብሰው ፀጉሩን በሙሉ ወደ ፊት ይልቀቁት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ጄል በሁለቱ መዳፎችዎ አዳርሰው፣ በመዳፎችዎ መካከል ፀጉሩን አስገብተው ከላይ ወደ ታች ያዳልጡት፤ ጣት አያስገቡ። ሁሉም ዘንድ ከደረሰ በኋላ የፀጉሩን ጫፍ በመዳፍዎ ጽዋ አድርገው ይቀበሉና ወደ ሥሩ ወደ ላይ እየገፉ ይጨብጡት፣ ጥቂት ይያዙት፣ ይልቀቁት። በትክክል ሲሠራ ውሃና ጄል የተቀላቀለበት የመጨመቅ ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ካልተሰማ ፀጉሩ ደርቋል ማለት ስለሆነ በእጅዎ ውሃ ይጨምሩበት እንጂ ጄል አይደራርቡበት። ሞገዱ እየተሰበሰበ በጎላ ዘለላ በዘለላ ሲለያይ ካዩ በኋላ ያቁሙ፤ ከዚህ በላይ መጨባበጥ ዘለላዎቹን ይበታትናል።

አሁን ንጹሕ የጥጥ ካናቴራ አልጋ ወይም በርጩማ ላይ ይዘርጉ፣ አጎንብሰው ፀጉሩን መሐሉ ላይ ይከምሩት፣ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ማጅራትዎ ስበው እጅጌዎቹን ግንባርዎ ላይ ይቋጥሯቸው። ካናቴራው ትርፉን ውሃ እየመጠጠ ሞገዱን እንደ ተከመረ ይዞ ያቆየዋል። የፎጣ ጨርቅ ሻካራ ስለሆነ ይህን ሥራ አይሠራም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ይፍቱትና ቀና ብለው ፀጉሩ በወደቀበት ይተዉት፤ ጎን መለየት ካስፈለገ አሁኑኑ በጣት ጫፍ ይለዩት።

የሚደርቅበት ቦታ ጥላና ነፋሻ ቢሆን ይመረጣል። እርጥብ ራስ ይዞ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ምች ያስመታል ብለው የሚቆጡ እናቶች ባሉበት ቤት በረንዳው ከጭቅጭቅም ያድናል። በፎን ለማድረቅ የሚፈልጉ አፉ ላይ የሚገጠመውን ሰፊ ባለ ብዙ ቀዳዳ ማሰራጫ ያድርጉበት፣ ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉት፣ የፀጉሩን ጫፍ ማሰራጫው ውስጥ አስቀምጠው ወደ ራስዎ ጠጋ እያደረጉ በየቦታው ያዳርሱት። ማሰራጫ የሌለው ፎን ሞገዱን ይበትነዋል።

ሲደርቅ ፀጉሩ ደረቅ ቅርፊት የያዘና የሚንኳኳ ይመስላል፤ ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ ተበላሸ ብለው እንደገና ይታጠባሉ። ቅርፊቱ ጄሉ ነው። ሙሉ በሙሉ መድረቁን ካረጋገጡ በኋላ ሁለት ጠብታ የኑግ ዘይት በመዳፍዎ አሽተው ፀጉሩን እንደ ቀድሞው ከታች ወደ ላይ ይጨብጡት፤ ቅርፊቱ ይሰበርና ለስላሳው ሞገድ ብቻ ይቀራል። ሥሩ ላይ እርጥበት እያለ ይህን ማድረግ ግን የቀኑን ልፋት ያበላሻል።

ሌሊቱ፣ ማግስቱና ወቅቶቹ

ማታ ፀጉሩን አናት ላይ ሰብስበው ላላ ባለ ጨርቅ ማስያዣ ይያዙትና የሳቲን ሻሽ ይሰሩበት። ጠዋት ሲፈቱት የተጣመመውን ብቻ በእርጥብ እጅ ዳስሰው፣ አንድ ጠብታ ጄል ጨምረው ጥቂት ይጨብጡት፤ ሙሉውን ማርጠብ አያስፈልግም። ለቅዳሴ ነጠላ ለሚያጣፉ፣ ነጠላው ለሰዓታት ሲያርፍበት አናቱ መተኛቱ አይቀርም፤ ከውስጥ ስስ ሳቲን ቢደረግበት መፋተጉ ይቀንሳል፣ የተኛው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በጣት ጫፍ በማንቀጥቀጥ ይነሣል።

ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥበት ስለሚሸከም ፀጉሩ ከአየሩ ውሃ እየጠጣ ይነፋል፣ ላዩ ይቆማል። በዚህ ወቅት ጄሉን ወፈር ያድርጉት፣ ዘይቱን ይቀንሱት፤ ደብረ ማርቆስና የጮቄ ተራራ ግርጌ ላይ ፀጉር ለመድረቅ ግማሽ ቀን ሊፈጅበት ስለሚችል ጠዋት መታጠብ ይሻላል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱ አቧራማ ስለሚሆን ኮንዲሽነሩን ይጨምሩ፣ ግሊሰሪን ያለበትን ቅባት ደግሞ ይተዉት፤ አየሩ ሲደርቅ ግሊሰሪን ውሃውን ከፀጉሩ ከራሱ ይስባልና። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ከብርድ ወደ ሐሩር ስለሚገባና የአውቶቡሱ መስኮት ስለሚከፈት፣ ፀጉሩን በአንድ ላላ ጉንጉን አስሮ ቢጓዝ ቋጠሮ ከመፍታት ይድናል። በባጃጅና በብስክሌት ለሚመላለስም እንዲሁ ነው።

ሞገዱ ሳይሰምር የቀረበት ቀን ሹሩባ መላ ነው። ግማሽ ድረስ የደረቀውን ፀጉር ላላ አድርገው ሁለት ወይም አራት ወፍራም ጉንጉን ጎንጉነው ያድሩበትና ጠዋት ሲደርቅ ይፍቱት። ጉንጉኑ በበዛና በቀጠነ ቁጥር ሞገዱ ይጠብቃል። ጥብቅ ሹሩባ በየሳምንቱ መሠራት ግን የግንባርን ዳር ፀጉር ያሳሳል።

ፒያስትራና ማለስለሻ ለቆየበት ፀጉር ይህ ሁሉ ሥራ በተበላሸው ክፍል ላይ ብዙ አይታይም፤ ሞገዱ የሚመለሰው ከሥር በሚበቅለው አዲስ ፀጉር ነው። ፀጉር በወር በአማካይ ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ስለሚያድግ፣ ትከሻ ለሚደርስ ርዝመት ሁለት ዓመት ያህል ይፈጃል። እስከዚያው በየሦስት ወሩ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከጫፉ ይቆረጥ። ለቆራጩ ባለሙያ ፀጉሩ ደርቆና ሞገዱን እንደያዘ እንዲቆረጥ አስቀድመው ይንገሩ፤ እርጥብ ተስቦ የተቆረጠ ዞማ ፀጉር ሲደርቅ ወደ ላይ ይሰበሰብና ካሰቡት በላይ ያጥራል።